በድመቷ ወረቀት ላይ «ስታምፒ» ተብሎ የተጻፈው ምን ማለት ነው?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «የምኖረው አሜሪካ ነው። ሁለት ዓመት የሆናትን ድመት ከእንስሳት መጠለያ ወስደን እያሳደግን ነው። ጅራቷ ከአውራ ጣቴ አይበልጥም፤ ጫፉም ትንሽ ጠመም ያለ ነው። መጠለያው የሰጠን ወረቀት ‹ማንክስ ድብልቅ፣ ስታምፒ› ይላል። ሐኪሟ ካርዷ ላይ ‹ቦብቴይል› ብላ ጽፋለች። ድመት የምታረባ ጎረቤቴ ደግሞ ‹ሩምፒ ናት› ትለኛለች። እናቴ በቪዲዮ አይታት ‹ማን ቆረጠባት?› ብላ ተቆጣች። እነዚህ ቃላት አንድ ናቸው? ብትወልድስ ልጆቿ ምን ይሆናሉ? ወደፊት የሚያሰጋት በሽታ ይኖር ይሆን?»

ምላሽ፦

ቃላቱ አንድ አይደሉም፤ እንዲያውም የአንድ ዓይነት ነገር ስሞች እንኳን አይደሉም። «ማንክስ» የዝርያ ስም ነው። «ስታምፒ» የጅራት መጠን ስም ነው። «ቦብቴይል» ደግሞ እንደ ጸሐፊው ይለያያል፤ አንዱ ሲጽፈው «ጅራቷ አጭር ነው» ከማለት አያልፍም፣ ሌላው ሲጽፈው ከጃፓን ወይም ከሌላ አገር የመጣ ራሱን የቻለ ዝርያ ማለቱ ነው። የጎረቤትዎ «ሩምፒ» ግን ስሕተት ነው። ሩምፒ የሚባለው ጅራት የሚባል ነገር ጭራሽ የሌለው ድመት ነው፤ የእርስዎዋ አጭርም ቢሆን ጅራት አላት። ከሁሉም የተሻለውን ጥያቄ የጠየቁት እናትዎ ናቸው፤ ወደ እርሳቸው እመለሳለሁ።

ማንክስ ማለት ከአይል ኦፍ ማን የሆነ ማለት ነው። («የማን ደሴት» ብዬ ብተረጉመው የባለቤትነት ክርክር ስለሚመስል ስሙን እንዳለ ትቼዋለሁ።) በእንግሊዝና በአየርላንድ መካከል፣ በአይሪሽ ባሕር ላይ የምትገኝ፣ ከዳር እስከ ዳር 50 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትረዝም ደሴት ናት። አንድ ቀን እዚያ ጅራት የሌለው ድመት ተወለደ፤ ደሴቷ ጠባብ ስለሆነች፣ ድመቶቹም እርስ በርስ ከመዋለድ ሌላ አማራጭ ስላልነበራቸው፣ ባሕርይው ተስፋፍቶ የአገሬው መለያ እስከ መሆን ደረሰ። የደሴቷ ሰዎች በራሳቸው የማንክስ ቋንቋ ጅራት አልባዋን ድመት «ስተቢን» ይሏታል። በ1970 ባወጡት ሳንቲም ላይም ምስሏን ቀርጸዋታል።

ሩምፒ፣ ራይዘር፣ ስታምፒ፣ ሎንጊ የሚባሉት ቃላት የተለመዱት በዚህች ድመት አርቢዎች ዘንድ ነው። ቃላቱን ለመረዳት ከሥዕል ይልቅ እጅ ይሻላል። መዳፍዎን ከትከሻዋ አስነሥተው በጀርባዋ ላይ ቀስ ብለው ወደ ኋላ ያንሸራትቱ። በማንኛውም ድመት ላይ መዳፍዎ ዳሌዋን ሲያልፍ ጅራቱ ይቀበለዋል። በሩምፒ ላይ ግን አከርካሪው ድንገት ያልቅና መዳፍዎ ባዶ ላይ ይወርዳል። አጥንቱ ባለቀበት ቦታ ላይ በጣት ጫፍ ሲፈለግ ብዙ ጊዜ ትንሽ ጉድጓድ ይገኛል፤ አርቢዎች እንዲህ ያለችውን «ባለ ጉድጓድ ሩምፒ» ይሏታል። ቃሉ ራሱ «መቀመጫ» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የወጣ ነው። ከኋላ ስትታይ ክብ መቀመጫ እንጂ ሌላ የሚታይ ነገር ስለሌላት ነው።

ቀጥላ የምትመጣው ሩምፒ ራይዘር ናት፤ ባጭሩ «ራይዘር» ይሏታል። በዓይን ሲያዩዋት ከሩምፒ አትለይም። ፀጉሯ ሥር ግን እርስ በርሳቸው የተጣበቁ ጥቂት የአጥንት አንጓዎች አሉ። ደስ ብሏት ዳሌዋን ስታነሣ እነዚያ አንጓዎች አብረው ብድግ ይላሉ፤ «የምትነሣ» የተባለችው ለዚህ ነው። በድመት ውድድር ላይ ዳኛው ልክ አሁን እንዳልኩት መዳፉን በጀርባዋ ያወርዳል። አጥንቱ እጁን ገትቶ ካላቆመው ራይዘሯም እንደ ሩምፒዋ ለሽልማት ትወዳደራለች፤ ካቆመው ትወጣለች። አንዲት የአጥንት ቅንጣት የአንድን ድመት ዋጋ በብዙ የምትለውጥበት ቦታ ይህ ነው፤ በእኔ አስተያየት ድመቷ ራሷ ብትጠየቅ የምትስቅበት ጉዳይ ነው።

ስታምፒ «ጉቶ» ማለት ነው፤ ግንዱ ከተቆረጠ በኋላ መሬት ላይ የሚቀረው ማለት ነው። በዓይን የሚታይ፣ ብዙ ጊዜም ድመቷ የምታንቀሳቅሰው፣ ግን ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ የሚረዝም ጅራት ነው። አንጓዎቹ በትክክል ተለያይተው ስላልተሠሩ ተጣብቀው ወይም ተጣምመው ይገኛሉ፤ ጫፉ ወደ ጎን የሚዞረው፣ አንዳንዴም እንደ ቋጠሮ የሚጠነክረው ለዚህ ነው። የእርስዎ ገለጻ ከዚህ ጋር በደንብ ይገጥማል። አንዳንድ አርቢዎች ትንሽ ረዘም ያለውን «ስተቢ» ብለው ይለዩታል፤ ሌሎች ሁለቱንም በአንድ ስም ይጠራሉ። እዚህ ላይ ወሰኑን በሳንቲ ሜትር የሚነግርዎ ሰው ቢያጋጥምዎ የራሱን ልማድ እየነገረዎ ነው።

ሎንጊ ደግሞ «ረዥም» ከሚለው ነው። ጅራቷ ከመደበኛው ግማሽ ያህል ሊሆን ይችላል፤ ከመደበኛው የማይለይም ሊሆን ይችላል። መንገድ ላይ ብትታይ ማንም ሰው «ማንክስ» አይላትም። ቃላቱን ማወቅ ጥቅሙ የሚታየው እዚህ ነው። ይህች ባለ ሙሉ ጅራት ድመት ያንኑ ዘረመል ልትሸከም ትችላለች፤ ሩምፒ ልትወልድም ትችላለች። በአንድ ጊዜ ከተወለዱ ወንድምና እህት ግልገሎች መካከል አንዱ ሩምፒ፣ ሁለተኛው ስታምፒ፣ ሦስተኛው ባለ ጅራት ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ሩምፒ፣ ስታምፒ፣ ሎንጊ የዝርያ ዓይነቶች አይደሉም። የአንድ ዘረመል ሥራ በየግልገሉ ላይ የት ላይ እንደ ቆመ የሚለኩ ቃላት ናቸው።

ዘረመሉ «ቲ» በሚለው ፊደል ይታወቃል፤ ሙሉ ስሙ «ብራኪዩሪ» ነው። ይህም በግሪክኛ «አጭር ጅራት» ማለት ነው። የሐኪም ጽሑፍ ውስጥ «ብራኪዩሪ» የሚል ካዩ አጭር ጅራት፣ «አኑሪ» የሚል ካዩ ደግሞ ጅራት አልባነት ማለት ነው፤ ሁለቱም የሁኔታውን እንጂ የምክንያቱን ስም አይነግሩዎትም። ዘረመሉ መጀመሪያ የታወቀው በድመት ሳይሆን በአይጥ ነው። ፓሪስ ውስጥ ትሠራ የነበረችው ሩስያዊት ተመራማሪ ናዴዥዳ ዶብሮቮልስካያ ዛቫድስካያ ጅራታቸው ያጠረ አይጦችን አግኝታ በ1927 አሳወቀች። ሥራው በፅንሱ የኋላ ክፍል አከርካሪው ተራ በተራ እንዲዘረጋ ማድረግ ነው። እያንዳንዱ እንስሳ ከእናትም ከአባትም አንድ አንድ ቅጂ ይወርሳል። አንዱ ቅጂ ከተበላሸ የዝርጋታው ሥራ መጨረሻው ላይ ጉልበት ያንሰዋል፤ የት ላይ እንደሚያቆም ደግሞ አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም። ሁለቱም ቅጂዎች ከተበላሹ ፅንሱ ገና ከመነሻው ያድግ ዘንድ አይችልም፤ ማህፀን ውስጥ ይሞታል።

ከዚህ የሚወጣው ስሌት ቀላል ነው። ሁለት ማንክሶች ቢዋለዱ ከአራቱ ዕድሎች አንዱ ሁለት የተበላሸ ቅጂ ያገኘ ፅንስ ነው፤ እርሱ አይወለድም። ሁለቱ አንድ አንድ የተበላሸ ቅጂ ይዘው ይወለዳሉ። አንዱ ሙሉ ጤነኛ ሆኖ፣ ጅራቱም ሙሉ ሆኖ ይወለዳል። ስለዚህ ከሚወለዱት መካከል በአማካይ ከሦስት ሁለቱ ዘረመሉን ይሸከማሉ፤ የግልገሎቹ ቁጥርም ከሌሎች ድመቶች አነስ ይላል። አንድ ማንክስ ከተራ ድመት ጋር ቢዋለድ ደግሞ የሚጠበቀው ግማሽ በግማሽ ነው፤ በማህፀን የሚሞትም አይኖርም። በሕይወት ያለች ማንክስ ሁሉ አንድ ጤነኛ ቅጂ አላት ማለት ነው። የዘር ሐረጓ በወርቅ ቀለም ቢጻፍም ባለ ጅራት ልጅ ከመውለድ አያግዳትም። «መቶ በመቶ ጅራት አልባ የምትወልድ» ብሎ የሚሸጥልዎ ሰው ካለ ገንዘብዎን ኪስዎ ውስጥ ያቆዩት።

በ2013 የታተመ አንድ ጥናት በድመቶች ላይ በዚሁ ዘረመል ውስጥ 4 የተለያዩ ብልሽቶችን ለይቶ አሳይቷል። ይህም ባሕርይው በአንድ ቦታ ብቻ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የተፈጠረ እንዳልሆነ ይጠቁማል። ለእርስዎ ያለው ትርጉም ይህ ነው፦ መጠለያው «ማንክስ ድብልቅ» ብሎ የጻፈው በምን ተነሥቶ ነው? የአባትና የእናቷን ማንነት የሚያውቅ አልነበረም። አጭር ጅራት አዩ፤ በአሜሪካ ደግሞ አጭር ጅራት ሲታይ መጀመሪያ አፍ ላይ የሚመጣው ቃል «ማንክስ» ነው። የጻፉት ግምት ነው። ግምቱ ልክ ሊሆን ይችላል፤ ግን ከአፏ ውስጥ በጥጥ በተወሰደ ናሙና በላቦራቶሪ ካልተረጋገጠ በቀር ወረቀቱ ከዓይንዎ የበለጠ የሚያውቀው ነገር የለም።

ወደ ጤናዋ ልምጣ፤ ጥያቄዎ ውስጥ ያለው ስጋት እዚህ ስለሆነ ረዘም ብዬ እቆይበታለሁ።

ጅራት የአከርካሪ መጨረሻ ነው። የአንድ ተራ ድመት ጅራት 20 ገደማ አንጓዎች አሉት። ዝርጋታውን የሚያሳጥረው ዘረመል ጅራቱ ሲያልቅ ሥራውን በጨዋነት ቢያቆም ችግር አልነበረም። አንዳንድ ጊዜ ግን ወደ ላይ ተሻግሮ ከዳሌ በላይ ያለውን አጥንት ይነካል፤ ከአጥንቱ ጋር ደግሞ በውስጡ የሚያልፈውን ህብለ ሰረሰርና ወደ ፊኛ፣ ወደ ፊንጢጣ፣ ወደ ኋላ እግሮች የሚሄዱትን ነርቮች። አጥንቱ በትክክል ሳይገጥም ሊቀር ይችላል፤ በሕፃናት ላይ ስፓይና ቢፊዳ የምንለው ዓይነት ጉድለት ነው። ይህ ሁሉ ባንድ ላይ «ማንክስ ሲንድረም» ይባላል። ምልክቶቹ ሽንት መቆጣጠር አለመቻል፣ ከባድና ተደጋጋሚ የሆድ ድርቀት ወይም ሰገራ ማምለጥ፣ የኋላ እግር ድክመት፣ በሁለቱ የኋላ እግሮች እኩል እየዘለሉ እንደ ጥንቸል መሄድ፣ በዳሌና በጅራት አካባቢ ስሜት ማጣት ናቸው። አደጋው ከሁሉ የሚበረታው ጅራቱ ሙሉ በሙሉ በጠፋባቸው፣ ማለትም በሩምፒዎች ላይ ነው። በስታምፒ ላይ ይቀንሳል፤ ግን አይጠፋም። እንግዲህ ጎረቤትዎ ስታምፒዋን ሩምፒ ማለታቸው የስም ጉዳይ ብቻ አይደለም። ስልክ ላይ ሆነው ለአንድ ሐኪም «ሩምፒ ናት» ቢሉት ሌላ ዓይነት ድመት ይታየዋል።

ለእርስዎ የሚያስደስተው ይህ ነው፦ ምልክቶቹ ሲኖሩ አብዛኛውን ጊዜ ገና በመጀመሪያዎቹ ወራት ይታያሉ። ጠንቃቃ አርቢዎች ግልገሎቻቸውን እስከ አራት ወር ድረስ ሳይሸጡ የሚያቆዩት ለዚህ ነው። ሁለት ዓመቷን በጤና የደፈነች ድመት ከባዱን ወንዝ ተሻግራለች ማለት ይቻላል። ቢሆንም አንዳንድ ነገሮችን ይመልከቱ። አሸዋዋ ላይ ስትቀመጥ ሳትጨርስ ትነሣለች ወይ? ተኝታ ስትነሣ የተኛችበት ጨርቅ ረጥቦ ይገኛል ወይ? ሰገራዋ እንደ ጠጠር የደረቀ ነው ወይ? የጅራቷን ጉቶ ስትነኩት ትቆጣለች ወይ? ይህን የመጨረሻውን በተለይ ልብ ይበሉት። ጫፉ የጠመመ ጅራት ዕድሜ ሲገፋ መገጣጠሚያዎቹ ሊቆጡና ሊያሙ ይችላሉ። ድመት ሕመሟን አትናገርም፤ አንድ ቀን ማበጠሪያው ሲነካት ትነክስዎታለች፣ እርስዎም «ባሕርይዋ ተለወጠ» ይላሉ። ጉቶውን ቀጥ ለማድረግ በፍጹም አይሞክሩ፤ ልጆች ካሉ እንዳይጎትቱት ይምከሩ። የተጣበቀ አጥንት በማሸት አይፈታም።

ሚዛኗን ስለመጠበቅ አይጨነቁ። ያለ ጅራት የተወለደች ድመት የጎደላትን አታውቀውም። ማንክሶች የኋላ እግራቸው ረዘም ያለና ጠንካራ ነው፤ ሲዘሉም ከማንም አያንሱም።

ስለ መውለድ ደግሞ መልሴ አጭር ነው፤ አይፍቀዱላት። ዘረመሉን ከሌላ አጭር ጅራት ድመት ጋር ብታገናኙት ከፅንሶቹ አንድ አራተኛው እንዲሞቱ፣ ከሚወለዱትም አንዳንዶቹ ሽንታቸውን መቆጣጠር ሳይችሉ እንዲያድጉ ዕጣ ማውጣት ነው። ይህን ዕጣ ማሳነስ የሚቻለው የግልገሎቹን አከርካሪ እያስመረመረ፣ አጭሩን ከባለ ሙሉ ጅራቱ ጋር እያጋባ ለሚሠራ አርቢ እንጂ ለቤት ድመት ባለቤት አይደለም። በአሜሪካ መጠለያዎች ከመስጠታቸው በፊት ድመቶቹን ማምከን የተለመደ ስለሆነ ወረቀቷን ደግመው ያንብቡት፤ ነገሩ ቀድሞ ያለቀ ሊሆን ይችላል።

አሁን «ቦብቴይል» ወደሚለው። «ቦብ» ማሳጠርን፣ መከርከምን የሚያመለክት ቃል ነው፤ በድሮ ጊዜ የሠረገላ ፈረሶችን ጭራ አሳጥረው ሲቆርጡ የሚሉት ነበር። ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ያለው ቦብካት የተባለው የዱር ድመትም ስሙን ያገኘው ከአጭር ጅራቱ ነው። ስለዚህ ሐኪሟ «ቦብቴይል» ስትል ምናልባት ዓይኗ ያየውን ብቻ መዝግባ ይሆናል። ያ ከሆነ ስሕተት የለበትም። ችግሩ ሌላ ሰው ካርዱን አንብቦ «የጃፓን ቦብቴይል» ብሎ ሲረዳው ነው፤ ምክንያቱም የጃፓኗ ድመት ታሪክ ፈጽሞ ሌላ ነው።

የጃፓን ቦብቴይል ጅራት የራሱ መልክ አለው። አንጓዎቹ አሉ፤ ግን አጥረውና ተጣምመው ይጠቀለላሉ። በላያቸው ላይ ፀጉሩ በየአቅጣጫው ስለሚቆም ከሩቅ የጥንቸል ጅራት ይመስላል። የሁለት ድመቶች ጅራት አንድ ዓይነት አይጠማዘዝም። በ2016 የወጣ ጥናት እንዳሳየው መነሻው የማንክሱ «ቲ» ሳይሆን ሄስ7 የተባለ ሌላ ዘረመል ነው። የዚህ ሥራ በፅንሱ ላይ አንጓዎቹ በእኩል ጊዜ ልዩነት አንድ በአንድ እንዲከፋፈሉ ማድረግ ነው። ከእናትም ከአባትም ሁለቱን ቅጂ የወረሰች የጃፓን ድመት በሕይወት ትወለዳለች፤ አጭር ጅራት ያላቸው ቢዋለዱም እንደ ማንክስ በማህፀን የሚያልቅ ፅንስ የለም። ማንክስ ሲንድረም የሚባለው በሽታም የእርሷ መለያ አይደለም። ላይ ላዩን የሚመሳሰሉ ሁለት ጅራቶች፣ አንዱ ሐኪም ዘንድ የሚያስኬድ፣ ሌላው የማያስኬድ። ቃሉን በትክክል መጻፍ የሚገባው ለዚህ ነው።

ጃፓን ውስጥ እንዲህ ያሉ ድመቶች ለምን በዙ? የሚተረኩት ምክንያቶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ተረት ነው፦ ጅራቷ የረዘመ ድመት ስታረጅ ጅራቷ ለሁለት ይሰነጠቅና «ኔኮማታ» የሚሏት ሰው የምታስት ጋኔን ትሆናለች ይባል ነበር፤ ስለዚህ ሰው ባለ አጭር ጅራቷን ይመርጥ ነበር። ሁለተኛው አይጥ ነው። የሐር ትልና ጎተራ ባስጨነቀ የአይጥ ብዛት ምክንያት በ1602 ድመቶች ተፈትተው እንዲለቀቁ መታዘዙ ይነገራል። የተለቀቁት ድመቶች በየመንገዱ ሲዋለዱ ባሕርይው ከቤተ መንግሥትና ከቤተ መቅደስ ወጥቶ የሕዝብ ሆነ። በየሱቁ መስታወት ላይ አንድ እጇን አንሥታ ደንበኛ የምትጠራው የሸክላ ድመት፣ «ማኔኪ ኔኮ»፣ ብዙ ጊዜ በባለ አጭር ጅራት መልክ የምትሠራው ይህችኑ ድመት አይተው ነው። ወደ አሜሪካ የገቡት የመጀመሪያዎቹ በ1968 ነው። ዳርዊንም በ1868 የደቡብ ምሥራቅ እስያ ድመቶች ጅራታቸው ግማሽ ያህል አጥሮ ጫፉ ላይ ቋጠሮ እንዳለው ጽፎ ነበር፤ እስያ ውስጥ አጭር ጅራት እንግዳ ነገር እንዳልሆነ ከዚህ ይታወቃል።

ሌሎቹን ስሞች በጥድፊያ ልለፋቸው። ኩሪሊያን ቦብቴይል ከጃፓን በስተ ሰሜን ካሉት፣ ሩስያና ጃፓን ከሚከራከሩባቸው የኩሪል ደሴቶች የመጣች ናት፤ ጅራቷ ከ2 እስከ 10 አንጓዎች ይኖሩታል። አሜሪካን ቦብቴይል በ1960ዎቹ ከተገኙ አጭር ጅራት ድመቶች የተነሣ የአሜሪካ ዝርያ ነው። ፒክሲቦብ ደግሞ «ከዱሩ ቦብካት ጋር ተዳቅሎ የመጣ» እየተባለ የተወራለት ነው፤ የዘረመል ምርመራ ግን የዱር ድመት ደም አላገኘበትም። በእነዚህ በሁለቱ የአሜሪካ ዝርያዎች ውስጥ የማንክሱ ዘረመል የተገኘባቸው ድመቶች አሉ፤ ስለዚህ ስማቸው «ቦብቴይል» ቢሆንም እንደ ጃፓኗ አያስቧቸው። ሲምሪክ የሚል ካጋጠመዎ ፀጉሯ የረዘመ ማንክስ ናት። ስሟ «ዌልስ» ማለት ከሆነው የዌልስ ቃል የተወሰደ ነው፤ ድመቷ ግን እንደ ዝርያ ያደገችው ካናዳ ውስጥ ነው። ስም አውጪው ምን እንዳሰበ ይህን ያህል ግልጽ አይደለም፤ ዌልስ ለአይል ኦፍ ማን ቅርብ ከመሆኗ በቀር።

ቃል ገብቼ ወደ ነበረው ወደ እናትዎ ጥያቄ ልመለስ። አማርኛችን «ቆራጣ» ሲል ሆን ተብሎም ይሁን በአደጋ የተቆረጠን ነገር ያመለክታል፤ አገር ቤት ጅራቷ ያጠረ ድመት ስትታይ በር ወይም መኪና ወይም ውሻ ወይም ክፉ ልጅ ይታሰባል። ደግሞም ብዙ ጊዜ ልክ ነው። በበር የተቀረቀረ ወይም መኪና የሄደበት ጅራት ደም ስሩ ተቋርጦ ይደርቅና ይወድቃል፤ አለዚያም ሐኪም ይቆርጠዋል። ከባዱ ጉዳት ጅራቱ ሲጎተት ነው። ቆዳው ሳይቀደድ፣ ደም ሳይፈስ፣ ከጅራቱ ሥር ያሉት ነርቮች ይበጠሱና ድመቷ ሽንቷን መቆጣጠር ታቆማለች። ልብ ይበሉ፤ ምልክቱ ከማንክስ ሲንድረም ጋር ይመሳሰላል፤ ምክንያቱ ግን አንዱ የውርስ፣ ሌላው የአደጋ ነው። የእናትዎ ጥያቄ ተገቢ የሚሆነው ለዚህ ነው፤ «አጭር» ከሚለው ቃል ይልቅ «ተቆርጦ ነው ወይስ ተወልዳበት?» የሚለው ለሐኪሙ ብዙ ይነግረዋል።

በእጅ እንዴት ይለያል? የጉቶውን ጫፍ በሁለት ጣት ይያዙት። የተቆረጠ ከሆነ ብዙ ጊዜ ጫፉ ላይ ፀጉር የማያበቅል ትንሽ ጠባሳ ይገኛል፤ አጥንቱም እስከ መጨረሻው እኩል ውፍረት ይዞ ሄዶ ድንገት ያልቃል። አብሯት የተወለደ ከሆነ ፀጉሩ ጫፉን ሙሉ በሙሉ ይሸፍነዋል፣ አጥንቱም እየቀጠነ ወይም እየተጣመመ ያልቃል። የእርስዎዋ ጫፉ ጠመም ማለቱ ወደ ተወልዳበት ያደላል፤ ተሰብሮ ጠምሞ የገጠመ ጅራት ግን ተመሳሳይ መልክ ሊኖረው ስለሚችል በጣት ብቻ አይፈረድም። ራጅ ክርክሩን ይዘጋዋል። ራጁ ላይ ሲወለድ ያጠረ ጅራት መጨረሻ ላይ ያሉት አንጓዎች ያነሱ፣ ቅርጻቸው የተዛባ፣ አንዳንዴም ሁለቱ አንድ የሆኑ ናቸው፤ የተቆረጠው ላይ ግን ሙሉ መጠን ያለው ጤነኛ አንጓ ይታይና ከዚያ በኋላ ምንም የለም።

አንድ ነገር ለእናትዎ ይንገሩልኝ። አሜሪካ ውስጥ የጎዳና ድመት ከመከነች በኋላ ለምልክት የአንዱን ጆሮዋን ጫፍ ይቆርጣሉ፤ ጅራት ግን ለምልክት አይቆረጥም። ደግሞም የተቆረጠ ጅራት ወደ ልጅ አይተላለፍም። ጀርመናዊው አውግስት ቫይስማን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ የአይጦችን ጅራት ለተከታታይ ትውልዶች እየቆረጠ ሲያዋልዳቸው ልጆቻቸው ሁሉ ሙሉ ጅራት ይዘው ተወለዱ። በኖኅ መርከብ ላይ ዘግይታ የገባችው ድመት በሩ ሲዘጋ ጅራቷ ተቆርጦ ማንክስ ሆነች የሚለውን የደሴቷን ተረት ለልጆች መንገር ይቻላል፤ ለሐኪም ካርድ ግን አይሆንም። «ከጥንቸል የተዳቀለች» የሚልም ቢያጋጥምዎ ድመትና ጥንቸል ሊዋለዱ አይችሉም። የማንክስን ዝላይና ጅራት አልባነት ያየ ሰው የፈጠረው ወሬ ነው።

እንግዲህ በሚቀጥለው ቀጠሮ ሐኪሟን ሦስት ነገር ይጠይቁልኝ። አንደኛ፣ ካርዱ ላይ «ቦብቴይል» በሚለው ፈንታ «አጭር ጅራት፣ ሲወለድ የነበረ ሊሆን የሚችል፣ ዝርያው ያልተረጋገጠ» ብላ ትጻፍ። ሁለተኛ፣ በጅራቱና በፊንጢጣው አካባቢ የድመቷ ስሜት ጤነኛ መሆኑን ትፈትሽ፤ በጣት የሚሠራ፣ ጊዜ የማይወስድ ምርመራ ነው። ሦስተኛ፣ ጥርሷ የሚታጠብበት ወይም በሌላ ምክንያት በማደንዘዣ የምትተኛበት ቀን ሲመጣ አንድ የዳሌና የጅራት ራጅ አብሮ ይነሣ፤ ለብቻው ማስተኛት አያስፈልግም። የዘረመል ምርመራው ግን ልታረባ ካልሆነ ወጪ ብቻ ስለሆነ እኔ ብሆን ያንን ገንዘብ ለራጁ አውለው ነበር።